ለሁለት የከፈልኩት መድኃኒት

ልጃችን ከእስር ቤት እስክትወጣ ድረስ አባቷ መልኳን እንዳይረሳ፤ ከሐኪሞቹ የፈለግሁት ይህን ብቻ ነበር። ይዳንልኝ አላልኩም። እሷ ቤቷ ከገባች በኋላ የመጣው ይምጣ ብዬ ነበር።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበር። አሰላ ከገበያው በላይ፣ አንዲት ጠባብ በረንዳ ላይ፣ በእግር በሚረገጥ መኪና ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰፍቷል። መጻፍ ይችላል፤ ግን የሰው ልክ ጽፎ አያውቅም። ሜትሩን አንድ ጊዜ ትከሻና ወገብ ላይ ጣል ያደርግና ይበቃዋል። ከበቆጂ የሚመጣ ገበሬ ከሁለት ዓመት በኋላ ብቅ ብሎ እንደ ባለፈው አድርግልኝ ቢለው፣ ሜትር ሳያነሳ ቀዶ ይሰፋለታል። ሆድ አውጥተሃል፣ ሁለት ጣት ልጨምርልህ ብሎ ይቀልድበት ይሆናል እንጂ አይሳሳትም።

ሕመሙ የጀመረው በአንድ ሱሪ ነው። የሠፈራችን አስተማሪ የካኪ ሱሪ አሰፋ። ሊወስድ መጥቶ ቢያነሳው ሱሪው ከጉልበቱ በታች አልወርድ አለው። አስተማሪው ገለባበጠና ሳቀ። «ጋሼ፣ ይቺ እኮ የአራተኛ ክፍል ሱሪዬ ናት» አለ። እውነቱን ነው። በልጅነቱ እናቱ እጁን ይዛ ያመጣችው ጊዜ የነበረውን ልክ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ቁጭ አድርጎ ሰፍቶለታል። ሁላችንም ሳቅን፤ ባለቤቴም ሳቀ። ጨርቁን ከራሳችን ተክተን ሌላ ሰፋለት። ያን ዕለት ማልቀስ ነበረብኝ፤ አላወቅሁም።

ልጃችን በተበተነ ወረቀት ምክንያት የታሰረችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን እስከ ዛሬ አላነበብኩትም። ሰው ሁሉ እኩል ይሁን ይላል ብለውኛል። ስምንት ዓመት ተፈረደባትና አዲስ አበባ ወሰዷት። አምስቱን ዓመት በየመጠየቂያው ቀን ከባለቤቴ ጋር እየሄድን ጠየቅናት። በስድስተኛው እሱን ይዤ መሄድ አቃተኝ፤ አውቶቡስ ተራ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጠፍቶብኝ ነበር። ብቻዬን ሄጄ፣ አባትሽ ስፌት በዝቶበት ነው አልኳት። ዘወትር እንዲያው እላት ጀመር። እሷም በአጥሩ ማዶ ሆና፣ ዓይኑ እንዳይጎዳ ፋኖስ አቅርቦ ይስፋ ትለኛለች።

እሱ ደግሞ ቤት ውስጥ ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም ወይ ይለኝ ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ እውነቱን ስነግረው ያስታውስና አንገቱን ይደፋል። እየቆየ ግን እውነቱ አዲስ መርዶ እየሆነበት፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ይንቀጠቀጥ ጀመር። መንገሩን ተውኩት።

ስለ ጎረቤታችን ልንገራችሁ፤ ያለ እሷ ይህ ታሪክ አይገባም። ከእኔ በአሥር ዓመት ታንሳለች። ባሏ ጋሪ ነጂ ነበረ፤ በዕድሜ ግን ከእኔም ይበልጣል። የእሱም ሕመም ከባለቤቴ ሕመም ጋር አንድ ነው። መንገዱ ሲጠፋበት ፈረሱ ወደ ቤት ያመጣው ነበር፤ ፈረሱ ሲሞት ግን የሚያመጣው ጠፋ። አማርኛውን ከዕለት ወደ ዕለት ረሳና ኦሮምኛው ብቻ ቀረለት። ከባለቤቴ ጋር ፀሐይ ላይ ጎን ለጎን እናስቀምጣቸዋለን። አንዱ በኦሮምኛ ስለ ፈረስ ያወራል፣ ሌላው በአማርኛ ስለ ኮት ገበር ያወራል፤ ሁለቱም ልክ ነው፣ ልክ ነው እየተባባሉ ይውላሉ። ከመንደሩ የእነሱን ያህል የተስማማ አልነበረም።

እኔ በዚያ ጊዜ የቀበሌያችን የኅብረት ሱቅ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ የቀረውን በመሠረተ ትምህርት ነው የለቃቀምኩት። ኮሚቴ የገባሁት በዕውቀት አይደለም። ሻጩ ስኳር ሲሰፍር አውራ ጣቱን ጣሳው ውስጥ ይከት ነበር። አንድ ቀን የሰፈረልኝን መልሼ ደፋሁበትና፣ ጣትህን አውጥተህ ስፈር፣ የጣትህን ስኳር ለማን ልታበላ ነው አልኩት። የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ፤ በሚቀጥለው ምርጫ ስሜን ጠሩት። ከገባሁ በኋላ ስለ ወረፋው ድንጋይ ደንብ አወጣሁ። ሰው ሁሉ ከሌሊት ጀምሮ ድንጋይ እያስቀመጠ ተራ ይይዝ ነበርና ጠቡ አያልቅም ነበር። ለራሱ ጉዳይ የሄደ ድንጋዩ ይነሳል፤ ሰው ለመርዳት የወጣ ግን ተራው አይነካም አልኩ። ይህን ደንብ እስከ ዛሬ አልተውኩትም።

ከልጄ እስር ሁለት ዓመት ያህል ሲቀር ነው ለእንደዚህ ያለ በሽታ መድኃኒት መጥቷል የሚል ወሬ የሰማነው። ከጎረቤቴ ጋር ሁለቱን ባሎቻችንን ይዘን ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ከውጭ አገር የመጣ ነው፤ አንዲት ነርስ ታስተረጉምለታለች። ባለቤቴን ዓመተ ምሕረቱን ጠየቀው፤ አላወቀም። አገሩን የሚመራው ማነው ብሎ አስጠየቀው።

«ንጉሡ ናቸዋ፣ ሌላ ማን አለ?» አለ ባለቤቴ፣ በሰው አላዋቂነት እየተገረመ።

ነርሷ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ለሐኪሙ አጭር ነገር ነገረችው። አያውቅም ያለችው ይመስለኛል፤ እግዜር ይስጣት።

ሐኪሙ የነገረኝን በደንብ ይዣለሁ። ሰው ሲያረጅ አንጎሉም ያረጃል፤ የእነዚህ ግን ከእርጅናም በላይ ነው። ክኒኑ ለአንጎል ደም እንዲደርሰው ያግዛል ይባላል። የሄደውን አይመልስም፤ ያለውን ምናልባት ያቆየዋል። እኔ ምናልባት የሚለውን ቃል አልሰማሁትም። ያቆየዋል የሚለውን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ሁለት ዓመት ቢያቆይልኝ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

መድኃኒት መስጫው መስኮት ፊት ረጅም ሰልፍ ነበር። ጎረቤቴ ከፊቴ ነበረች፤ እኔ ከእሷ ቀጥሎ። ሁለቱን ሽማግሌዎች ግንብ ሥር አስቀምጠናቸዋል። እየተጠጋን ሳለ ባለቤቴ ተነስቶ በውጪው በር ሲወጣ ቀድማ ያየችው እሷ ናት። እኔ ጉልበቴን ያመኝ ነበር። «እትዬ፣ እርስዎ ይቁሙ» አለችና ድንጋይ ቦታዋ ላይ አስቀምጣ በሩጫ ወጣች። የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀቷን በመቀነቷ ቋጥራ እንደያዘች ነው የሄደችው።

ተራው ደረሰ። ከፊቴ ድንጋይ ብቻ አለ። ለመድኃኒት ሰጪው፣ ይህ የሰው ተራ ነው፣ ባለተራዋ የእኔን ሰው ልታመጣ ሄዳለች፣ ጥቂት ይታገሱ አልኩት። ድንጋይ መድኃኒት አይውጥም አለኝና ወረቀቴን ተቀበለ። ቡናማ ጠርሙስ ሰጠኝ። በቀን ሦስት ክኒን፣ የአንድ ሰው የስድስት ወር ነው፤ ሌላ የሚመጣው ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ ያለን ይኼው ብቻ ነው አለ። ከኋላዬ የነበረው ሰው ድንጋዩን በእግሩ ገፋ አደረገው።

ጎረቤቴ ስትመለስ በአንድ እጇ ባለቤቴን ይዛለች፣ በሌላው የወለቀ ጫማውን። ላብ አጥምቋት ነበር። ስለ መድኃኒቱ ስነግራት፣ ዕድላችን ነው አለች። በቃ። ጎንበስ ብላ ጫማውን አጠለቀችለት።

በእኔ ደንብ ከሆነ ጠርሙሱ በሙሉ የእሷ ነበር። ለእኔ ስትል ከሰልፍ ወጥታ ተራዋን ያጣች ሴት ናት። ይህን እያወቅሁ ሙሉውን ለመስጠት ልቤ እምቢ አለኝ፤ ሙሉውን ለመያዝም ፊቴ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ለሁለት ልክፈለው አልኩ። ሰዎች ያን ጊዜ ስለ ፍትሕ አመሰገኑኝ። ፍትሕ አልነበረም። በፍትሕና በባሌ መካከል መሸሻ ነበር።

እቤቷ ሄጄ ክኒኑን ትሪ ላይ ዘረገፍኩት። ተይው እትዬ፣ ለእርስዎ ሰው ይሁን አለች። ተቆጣኋት። ስቆጣ ድምፄ ከመንደር ማዶ ይሰማል ይሉኛል። አንዷን ወዲህ፣ አንዷን ወዲያ እያደረግሁ ቆጠርኩ። ሽማግሌዎቹ አጠገባችን ተቀምጠው ያያሉ። የእሷ ባል ምን ዘር ነው ብሎ በኦሮምኛ ጠየቀ፤ ባለቤቴ ደግሞ አንዷን አንስቶ ወደ ብርሃን አስጠጋና፣ «የሸሚዝ ቁልፍ ነው፤ ግን ቀዳዳውን ማን ረሳው?» አለ። ሁለታችንም ሳቅን።

ሌላ እስኪመጣ ስድስት ወር ነው ስለተባልኩ ግማሹ ስድስት ወር እንዲበቃኝ አደረግሁ። ጠዋት አንድ፣ ማታ ግማሽ። ግማሹን በምላጭ እቆርጣለሁ፤ ዱቄቷ እንኳን እንዳትባክን በጣቴ አንስቼ ምላሱ ላይ አደርግለት ነበር። በመጀመሪያው ወር መርፌ ውስጥ ክር በራሱ አስገባ። በሌላ ቀን ደግሞ ልጃችን ልትፈታ ስንት ጊዜ ቀራት አለኝ፣ ልክ እንደ ጤነኛ። ጓዳ ገብቼ ደረቴን ይዤ ቆምኩ። ሠራ፣ መድኃኒቱ ሠራ እያልኩ።

በአራተኛው ወር አንድ ጠዋት ውኃ ሳቀርብለት ብድግ አለልኝ። «እግዜር ይስጥልኝ፤ እርስዎ የማን ቤተሰብ ነዎት?» አለኝ።

ያንኑ ዕለት ሆስፒታል ወሰድኩት። ነርሷ በቀን ስንት እንደምሰጠው ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ ለማን እንዳካፈልኩም ሳልደብቅ ነገርኳት። እንዲያውም ትንሽ ኮራ ብዬ ነበር። ነርሷ ወዲያው አላስተረጎመችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እማማ፣ መድኃኒት እኮ ስኳር አይደለም። ስኳር ለሁለት ቢከፈል ሁለቱም ትንሽ ይጣፍጣቸዋል። ይኼ ለሁለት ሲከፈል ለሁለቱም አይደርስም።»

ደሜ ፈላ። «ለሁለት በሽተኛ የአንድ ሰው መድኃኒት ያመጣው ማነው ታዲያ? እኔ ነኝ?» አልኳት።

«እሱንስ እኔም እጠይቃለሁ» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ነርሷ ስትነግረው ሐኪሙ፣ ሙሉውን ቢወስድም ይጠቅመው ነበር ብዬ ልምልልዎት አልችልም፣ በግማሹ ግን እንደማይጠቅም አውቃለሁ አለ። የቀረውን ክኒን ሰብስቤ ለአንዱ ብቻ እንድሰጥ መከረኝ። ለየትኛው ብዬ ብጠይቀው፣ ነርሷ ሳታስተረጉም ራሷን ነቀነቀች።

ባለቤቴን ክንዱን ይዤ ቁልቁለቱን ስወርድ ከራሴ ጋር ስጣላ ነበር። በደንቡ የጎረቤቴ ነው። ልጄ ግን ልትወጣ ዓመት ከምናምን ቀርቷታል። ጎረቤቴ ደጅ ላይ ስደርስ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ነርሷ ያለችውን ብቻ ነገርኳት።

ጎረቤቴ ጓዳ ገባችና የማርማላታ ጣሳ ይዛ ወጣች። ከፈተችው። ከትሪው ላይ የተቀበለችው ክኒን ሁሉ እዚያው ነው። አንዲትም አልጎደለችም።

ለምን አልሰጠሽውም አልኳት። የእርስዎ ሲያልቅ ላስቀጥልልዎት ብዬ ነው ያስቀመጥኩት፤ የእኔ ሰው ማንንም አይጠብቅም፣ ፈረሱም ሞቷል፤ የእርስዎ ሰው ግን ልጅ ይጠብቃል አለች።

«ያኔውኑ አትነግሪኝም ነበር?» አልኳት።

«እትዬ፣ እርስዎን እምቢ ማለት ማን ይችላል?»

ይህን ያለችው በክፋት አይደለም። ፈርታም አይደለም፤ ፈገግ ብላ ነው፣ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር እንደሚናገር ሰው። እኔ ግን እዚያው መደቡ ላይ ቁጭ አልኩ። አራት ወር ሙሉ ባለቤቴ ሲጨልምበት፣ እኔ ክኒን በምላጭ ስከፍል፣ የቀረው ግማሽ ከአጥሩ ማዶ ጣሳ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ድምፄ ባይበረታ፣ ተይው ስትለኝ ብሰማት፣ ሙሉውን ይወስድ ነበር። አመሰግናለሁ ማለት አቃተኝ። ጣሳውን ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ በቀን ሦስት ሰጠሁት። እኔ ዘንድ ከቀረው ጋር አራት ወር አስኬደው። ሰላም ሰጠው መሰለኝ፣ መንገድ መውጣቱን ቀነሰ፤ የሄደው ግን አልተመለሰም። ስድስት ወሩ አልፎ ብመለስ መስኮቱ ላይ መድኃኒቱ አልመጣም ነበር። ሐኪሙም አገሩ ገብቷል። የጎረቤቴ ባል በዚያው ክረምት አረፈ።

ልጄ ስትፈታ ብቻዬን ሄጄ ተቀበልኳት። ከአዲስ አበባ እስከ ናዝሬት ስለ ምን እንዳወራን አላስታውስም። ዴራን አልፈን አውቶቡሱ ዳገቱን መያዝ ሲጀምር ነው የአባቷን ሕመም የነገርኳት፤ ከዚህ በላይ መንገድ አልቀረልኝማ። በመስኮቱ ገብሱን ስታይ ቆየችና፣ «እኔን ያውቀኛል?» አለችኝ። እስቲ እናያለን አልኳት። መዋሸት የለመደ አፍ ነው።

ደጃፍ ስንደርስ ብድግ ብሎ ተቀበላት። ወንበሩን በእጁ ጠረገላት። ከየት እንደመጣች ጠየቃት። ከአዲስ አበባ አለችው። ፊቱ በራ።

«አዲስ አበባ ልጅ አለችኝ» አላት። «አይተዋት ይሆን?»

ልጄ ሻንጣዋን አልለቀቀችም ነበር። መሬት አስቀመጠችው። «አይቻታለሁ አባባ» አለች። «ደኅና ናት። ሰላም በይልኝ ብላኛለች።»

የመድኃኒቱን ነገር የነገርኳት ከሳምንት በኋላ፣ ልብስ ስናጥብ ነው። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር፤ እንድትቆጣኝም ፈልጌ ነበር። የያዘችውን አንሶላ አጥባ ጨረሰች። ከዚያ፣ «እማዬ፣ እኔ ስምንት ዓመት የታሰርኩት ለሰው ሁሉ እኩል ይድረስ ብዬ ነው፤ ምን ልበልሽ?» አለችኝ። አንሶላውን ጠምዝዛ ወደ ገመዱ ከሄደች በኋላ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ግን ሙሉውን ለእሱ ብትሰጪው ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር» አለች።

በቅርቡ አንድ ወጣት ሐኪም አግኝቼ ይህን ሁሉ ነገርኩት። የዚያ ጊዜ ክኒኖች እምብዛም አይሠሩም ነበር፣ የዛሬዎቹም ቢሆኑ ጥቂት ጊዜ ቢገፉ ነው፣ ሙሉውን ቢወስድም አይለወጥም ነበር አለኝ። ሊያጽናናኝ እንደሆነ አውቄያለሁ። አልተጽናናሁም። የማይሠራ መድኃኒት ከነበረ፣ የጎረቤቴን ባል ድርሻ ከጣሳ ወስጄ የወጣሁት ለምን ነበር? የሚሠራ ከነበረ ደግሞ የባሌን ግማሽ ዕድል በምላጭ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብባል ዛሬም አልችልም። ተራዋን ለእኔ ስትል ያጣችን ሴት ባዶ እጇን ወደ ቤቷ ስደጃት ብባልም አልችልም።

ልጄ ከእኛ ጋር ሁለት ዓመት ኖረች፤ እሱ እስኪያርፍ። ይወዳት ነበር። ምግብ ስታቀርብለት ይመርቃታል፤ እየለመዳት ሲመጣም አንቺ ይላት ጀመር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከጭላሎ ተራራ አናት ላይ ብቻ ስትቀር ግን ያሳስበዋል። «መሸ እኮ ልጄ» ይላታል። «ይበርዳል፤ ቤተሰቦችሽ ይጨነቃሉ። ነገ ትመጫለሽ፣ አሁን ሂጂ።» አልሄድም ካለችው ይታወካል፣ የሰው ልጅ አስቀርተን ልንወቀስ ነው ወይ ይለኛል። ስለዚህ ነጠላዋን ትለብስና ጉልበቱን ስማ ትወጣለች። እስከ ውጪው በር ይሸኛታል። እሷ በአጥሩ ዞራ፣ በጎረቤታችን ግቢ በኩል፣ በጓሮ በር ትገባለች።

እሱ ተመልሶ ይቀመጥና መንገዱን ያያል።

«የእኛዋ ዛሬም ዘገየች» ይለኛል።

«ትመጣለች» እለዋለሁ።

ልጄ ጓዳ ቆማ ትሰማናለች። ሳህን እንኳን አታነሳም፣ ድምፅ እንዳይሰማ።